የላፕቶፔ ዜግነት

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከቤቴ አባረርኩ። “አባረርኩ” የሚለው ቃል ከብዶኝ “ተቀይሞ ሄደ” ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን “ግሱን አትደብቁት” እያልኩ ኖሬ ዛሬ ራሴ ብደብቀው አያምርብኝም። አባረርኩት። ልጁ የእህቴ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ የሚከርመው እኛ ዘንድ ነው። ጥፋቱ ደግሞ፣ በእኔ ፍርድ፣ ላፕቶፔን ማበላሸት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑን ከአሜሪካ በሰው እጅ የላከችልኝ ሌላዋ እህቴ ናት። ለወራት ያለ አንዳች እንከን ሠራ። አንድ ማክሰኞ ማታ ልጁ “ጋሼ፣ አንድ ነገር ላውርድበት” ብሎ ወሰደው፤ አመሸበትም። ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ሊነጋጋ ሲል መጣ። ጠዋት ጽሑፌን ለጋዜጣው ልልክ ብዬ ስከፍተው የቤታችን ዋይፋይ የለም። “መገናኘት አልቻልኩም” ቢለኝ ደግ ነበር። ጭራሽ ስሙ የለም! የሚያበሽቀው ደግሞ የጎረቤቶቻችን ሁሉ ተደርድሮ መታየቱ ነው። የግራው ቤት አለ፣ የቀኙ አለ፣ የማዶው ካፌ እንኳ አለ። የእኛ ብቻ ከዝርዝሩ ተፍቋል። ስልኬን አውጥቼ ባይ የቤታችን ዋይፋይ ከሁሉም በላይ ቁጭ ብሏል። ራውተሩም አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ “እኔ ምን አጠፋሁ?” የሚል ይመስላል።

እንግዲህ ፈረድኩ። ስልኩ ካየ ራውተሩ ደህና ነው። ራውተሩ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው። ላፕቶፑን ደግሞ ማታ የነካው አንድ ሰው ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ተከሳሽ! ልጁ “ጋሼ፣ እኔ ያወረድኩት መዝገበ ቃላት ነው” ቢል ማን ይስማው። ስለ ዘመኑ ልጆች፣ ስለ ፊልም፣ ስለ ቫይረስ አንድ ሙሉ ሌክቸር ሰጠሁት። ሲያስረዳኝ “ዝም በል” አልኩት። በመጨረሻም እንግዳ በተቀመጠበት “የሰው ዕቃ የማያከብር ልጅ ቤቴ ምን ይሠራል?” አልኩ። ከሰዓት በኋላ ልብሱን በፌስታል አንጠልጥሎ አያቱ ቤት፣ ማለትም እናቴ ዘንድ ሄደ።

እኔም በሽተኛዬን ታቅፌ ወደ አንድ ኮምፒውተር ጥገና ቤት አመራሁ። ባለሙያው ገና ሲከፍተው የሱቁን ዋይፋይ አየ፤ ተገናኘ፤ ዜና ተነበበበት። “ፋዘር፣ ምኑ ነው የተበላሸው?” አለኝ። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ ጥሎት የሚጠፋ በሽተኛ አያችሁ? አፍሬ ተመለስኩ። ቤት ስገባ እንደገና የለም። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። “ፎርማት ይደረግ” ተባለ፤ ከፈልኩ፤ ተደረገ፤ ቤት አመጣሁት፤ ያው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ያን ማታ ግን አንድ ሐሳብ ወጋ አደረገኝ። ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ በውስጡ የነበረው ሁሉ ከተጠረገ፣ ልጁ አበላሸው ያልኩት ነገር የት ተሸሸገ? በፍርዴ ላይ ይግባኝ የጠየቀው ራሱ ላፕቶፑ ሆነ።

በአራተኛው ቀን ኩራቴን ውጬ ደወልኩለት። ልጁ የተቀየመ ሰው ድምፅ ነበረው፤ ግን አልዘጋብኝም። መጀመሪያ የጠየቀኝ “ጋሼ፣ ያን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር አይደል?” ብሎ ነው። ቀጥሎ “እስቲ የስልክዎን ሆትስፖት ይክፈቱለት፤ ላፕቶፑ ያየዋል?” አለ። ከፈትኩ፤ አየው። “እንግዲያው ጆሮው ደህና ነው። አሁን ስልክዎ ላይ ዋይፋይ የሚመረምር አፕ ያውርዱና የእኛ በስንተኛው ቻናል ላይ እንዳለ ይንገሩኝ።” መነጽሬን ፈልጌ አነበብኩለት። የጎረቤቶቻችን 1፣ 6 እና 11 ይላል። የእኛ 13።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያም “ጋሼ፣ ላፕቶፑ የመጣው ከአሜሪካ አይደል? አሜሪካ 13 ቁጥር የላትም” አለኝ።

አሜሪካኖች ሕንፃ ሲሠሩ 13ኛውን ፎቅ ዘለው ከ12 ወደ 14 እንደሚቆጥሩ ሰምቻለሁ። አጉል እምነታቸው አየሩ ድረስ ደርሶ ይሆን? ብዬ ሳቅሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ሥሩን ፍለጋ ገባሁ። ሥሩ ከመቶ ዓመት በላይ ርቆ የተተከለ ሆኖ አገኘሁት። ጉዳዩም አጉል እምነት አይደለም፤ ሕግ ነው።

ሞገድ መጀመሪያ ባለቤት አልነበረውም። ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርዝ በካርልስሩኸ ቤተ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ1888 መኖሩን በሙከራ ሲያረጋግጥ፣ ለንግድ ይውላል ያለው ሰው አልነበረም። ማርኮኒ በ1901 ከእንግሊዝ አገር የተላከች አንዲት ፊደል አትላንቲክን አቋርጣ የዛሬዋ ካናዳ ዳርቻ ስትደርስ ሰማሁ ካለ በኋላ ግን ሁሉም ወደ አየሩ ተንጋጋ። መርከቡ፣ ጦሩ፣ ነጋዴው፣ ጣሪያው ላይ ሽቦ የዘረጋ ጎረምሳ ሁሉ እንደ ገበያ ቀን በአንድ ጊዜ ይጮኻል። ማን ለማን እንደሚናገር አይለይም።

ከዚያ 1912 መጣ። በሚያዝያ ወር ታይታኒክ ሰጠመች፤ ከ1,500 በላይ ሰው አለቀ። ካሊፎርኒያን የተባለች መርከብ ብዙም ሳትርቅ በበረዶ ተከባ ቆማ ነበር። የእሷ የቴሌግራፍ ሠራተኛ አደጋው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ስለ በረዶው ለታይታኒክ ሊነግር ሞክሮ ነበር። የታይታኒክ ሠራተኛ ግን የመንገደኞች መልእክት በመላክ ተጠምዶ ስለነበር “ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ” አለው። ያም ሰው መሣሪያውን አጥፍቶ ተኛ። የድረሱልኝ ጥሪው ሲሰማ የሚያዳምጠው አልነበረም። ይህን ሳነብ “ዝም በል” የሚለው ቃል ከየት ሰፈር እንደሚያውቀኝ አንባቢ ይገባዋል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አሜሪካ የራዲዮ ሕግ አወጣች። አየሩ ተሸነሸነ፤ ያለ ፈቃድ መናገር ተከለከለ። ጠቃሚ የተባሉት ረጃጅም ሞገዶች ለመንግሥትና ለኩባንያ ተሰጡ። ለአማተሮቹ የተተወላቸው ከ200 ሜትር በታች ያለው አጭር ሞገድ ነው። “ለምንም አይረባም፣ ይጫወቱበት” ነበር ነገሩ። ጎረምሶቹ ግን በትርፍራፊው ላይ ሠሩ፤ በ1921 መጨረሻ ከአሜሪካ የላኩት በአጭር ሞገድ ስኮትላንድ ድረስ ተሰማ። የማይረባው ሞገድ ሰማይ ላይ እየነጠረ ዓለምን የሚዞር ሆኖ ተገኘ!

ለእኛም ተርፏል። በ1935 ጣሊያን ሊወርረን ጦሩን በድንበር ሲያከማች፣ የኢትዮጵያን ድምፅ ከአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ወደ ውጭው ዓለም ያደረሰው ይኸው አጭር ሞገድ ነው። የሚያስቀው፣ ወይም የሚያሳዝነው፣ ጣቢያውን የሠራው የጣሊያን ኩባንያ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ትርፍራፊ ደግሞ የእኛን የዋይፋይ ጉዳይ ይመለከታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ሬይቲዮን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ፐርሲ ስፔንሰር የሚባል መሐንዲስ የራዳር ሞገድ ምግብ እንደሚያበስል ተረዳ፤ የማይክሮዌቭ ምድጃ ተወለደ። በ1947 መንግሥታት አትላንቲክ ሲቲ ላይ ተሰብስበው አየሩን እንደገና ሲካፈሉ፣ 2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ቁራሽ ለፋብሪካ፣ ለሕክምናና ለምርምር መሣሪያ ተዉት። እዚያ ሰፈር ውስጥ መልእክት ሊልክ የሚፈልግ የምድጃውን ጩኸት ችሎ ይኑር ተባለ። ከወፍጮ ቤት አጠገብ እንደተሰጠ ቦታ ማለት ነው፤ ማንም ባለጸጋ አይሻማበትም።

ማንም ስላልተሻማበትም በ1985 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ማይክል ማርከስ በሚባል መሐንዲሱ ግፊት አንድ ደፋር ውሳኔ ወሰነ። በዚህ ሰፈርና በሁለት መሰሎቹ ውስጥ፣ ኃይሉ ከአንድ ዋት እስካልበለጠና ሞገዱን በትኖ እስከላከ ድረስ፣ ማንም ያለ ፈቃድ ሊጠቀም ይችላል አለ። ሞገድን መበተን እስከዚያ ድረስ የጦር ሠራዊት ጥበብ ነበር።

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ሰው የሚወደው አንድ ወሬ አለ። “ዋይፋይን የፈለሰፈችው የሆሊውድ ተዋናይቷ ሄዲ ላማር ናት” ይባላል። እውነቱ ትንሽ ለየት ይላል። እሷና ጆርጅ አንታይል የተባለ የሙዚቃ ደራሲ በ1942 የፈጠራ መብት አግኝተዋል። ሐሳባቸው የባሕር ሚሳይል የሚመራበትን ሞገድ ጠላት እንዳያውከው በ88 መስመሮች መካከል እያዘለሉ መላክ ነበር፤ 88 የፒያኖ ቁልፎች ቁጥር ነው። የመጀመሪያው የዋይፋይ ደንብ ከያዛቸው ዘዴዎች አንዱ ሞገድን ማዘለል ስለነበር ዝምድናው ውሸት አይደለም። ነገር ግን ዓለምን ያዳረሰው ዋይፋይ በሌላ ዘዴ ነው የሠራው። እናት አይደለችም፤ አክስት ብንላት ይበቃታል።

ያን ነፃ ሰፈር መጀመሪያ ከተጠቀሙበት አንዱ ኤንሲአር የተባለው የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ሠሪ ነው። ሱቆች ዕቃቸውን ባዘዋወሩ ቁጥር ወለል እየቆፈሩ ገመድ መቅበር ሰልችቷቸው ነበርና፣ በኔዘርላንድስ ያሉት መሐንዲሶቹ ማሽኖቹን በሞገድ የሚያገናኝ መሣሪያ ሠሩ። ሁሉም ኩባንያ በየራሱ ቋንቋ እንዳይናገር አንድ ደንብ እንዲወጣ፣ በቪክ ሄይስ ሰብሳቢነት በ1990 ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴ መቼም ኮሚቴ ነው፤ ሰባት ዓመት ፈጀ። በ1997 የወጣው ደንብ በሴኮንድ ከ2 ሜጋቢት አያልፍም ነበር። በ1999 ወደ 11 አደገ። በዚያው ዓመት ስቲቭ ጆብስ ኒውዮርክ ላይ ገመድ የሌለው ላፕቶፕ እያሳየ፣ ሽቦ እንዳልተደበቀ እንዲታመንለት በፕላስቲክ ቀለበት ውስጥ አሳለፈው። “ዋይፋይ” የሚለውንም ስም የንግድ ስም የሚያወጣ ድርጅት ተቀጥሮ አወጣው። ብዙ ሰው የአንድ ረጅም ስም አሕጽሮት ይመስለዋል፤ ስሙ ሲወጣ ግን የምንም አሕጽሮት አልነበረም።

አሁን ወደ 13 ቁጥር እንምጣ። ያ ሰፈር ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋ ኸርዝ ይደርሳል። ውስጡ በየ5 ሜጋ ኸርዙ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ 1 ቁጥር መሐሉ 2412 ላይ ነው፣ 13 ቁጥር 2472 ላይ። አንዱ መልእክት ግን 20 ሜጋ ኸርዝ ያህል ስፋት ስለሚይዝ ጎረቤታሞች ይደራረባሉ፤ ሳይነካኩ የሚኖሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ከአጥሩ በላይ፣ ከ2483.5 ወዲያ፣ ለሳተላይት አገልግሎት የተጠበቀ መሬት አለ። አሜሪካ ወደዚያ የሚንጠባጠብ ሞገድ ላይ ጥብቅ ናት። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ መሣሪያዎች አብዛኞቹ አጥሩ ጋ ሳይደርሱ 11 ላይ ይቆማሉ። አውሮፓ እስከ 13 ትፈቅዳለች፤ ጃፓን ለአሮጌው ዓይነት ብቻ 14ንም ጨምራለች። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት ሲከፍል አፍሪካን ከአውሮፓ ጋር ነው የመደባት፤ ወደ እኛ የሚመጡት ራውተሮችም በብዛት እስከ 13 የሚቆጥሩ ናቸው።

እንግዲህ ያን ሌሊት የሆነውን ተመልከቱ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ እንደ አዲስ ተነሣ። ቻናል ራሱ እንዲመርጥ ተተውቶ ስለነበር ሰፈሩን አዳመጠ፤ 1፣ 6 እና 11 በጎረቤት ተጨናንቀዋል፤ ጭር ያለውን 13 መርጦ ገባ። ብልህ ነው፤ እኔም ብሆን ያንኑ ባደረግሁ። ከዚያም እንደ ደንቡ ስሙን በሴኮንድ አሥር ጊዜ ያህል መጥራት ጀመረ። የአሜሪካ ተወላጁ ላፕቶፔ ግን ከ1 እስከ 11 ያሉትን በሮች አንድ በአንድ እያንኳኳ ያዳምጥና 11 ሲደርስ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ በር አለ ብሎ የነገረው የለም። ጥገና ቤቱ ሲሄድ የዳነው ለምን እንደሆነም አሁን ግልጽ ነው፤ የሱቁ ራውተር በሚያውቀው በር ላይ ነበር። ፎርማት ያልፈወሰውም ለዚሁ ነው፤ የተወለደበት አገር ሕግ የተጻፈው በካርዱ ላይ እንጂ ልጁ ባወረደው መዝገበ ቃላት ውስጥ አይደለም።

መፍትሔው ከዚህ ጽሑፍ ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ልጁ በስልክ እየመራኝ፣ በሞባይሌ የራውተሩን ገጽ ከፈትኩ፤ ቻናሉ “ራስህ ምረጥ” ከሚለው ወጥቶ በ6 ላይ እንዲቆም አደረግሁ። ላፕቶፑ ላይ የቤታችን ስም ከች አለ። አራት ቀን፣ አንድ ፎርማት፣ አንድ ልጅ። ዋጋው ይኸው ነበር።

ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥመው አንባቢ የተማርኩትን ላካፍል። ስልክ እያየው ኮምፒውተር የማያየው ዋይፋይ ካለ፣ ማንንም ከመክሰሳችሁ በፊት የስልክ ሆትስፖት ከፍታችሁ ፈትኑት። ያንን ካየ ኮምፒውተሩ አልሞተም። ቀጥሎ የቤታችሁ ዋይፋይ በ12 ወይም በ13 ላይ እንዳለ እዩ። እዚያ ካልሆነ በ5 ጊጋ ኸርዝ ብቻ እየሠራ እንደሆነ አጣሩ፤ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ያንን ሞገድ ከነመኖሩም አያውቁትም። ጭራሽ ምንም ኔትወርክ ካላየ ግን የአውሮፕላን ምልክቱ በስህተት ተነክቶ፣ ወይም በአንዳንዶቹ ላፕቶፖች ጎን ያለችው ማጥፊያ ተዘግታ፣ ወይም ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ፎርማት የመጨረሻው ነው፤ ፍርድም እንዲሁ።

በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በ1971 በደሴቶች መካከል ኮምፒውተሮችን በራዲዮ ሲያገናኙ ያወጡት አንድ ሕግ ነበር። ሁለት መልእክቶች ተጋጭተው ከጠፉ፣ ሁለቱም የተለያየ ያህል ጊዜ ጠብቀው እንደገና ይሞክራሉ። ዋይፋይ ደግሞ በዚህ ላይ ሌላም ሕግ ይከተላል። ከመናገርህ በፊት አዳምጥ፤ ሌላው እየተናገረ ከሆነ ጠብቅ። ስንት ዓመት ንባብና አድማጭነት ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ በግድግዳዬ ላይ የተሰቀለች የፕላስቲክ ሳጥን የምታውቀውን ያን ማክሰኞ ሳላውቀው ቀረሁ። ከሰው ስህተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ብረቱ አልዛገም ነበር።

ይቅርታ በስልክ አይላክም። በማግስቱ እናቴ ቤት ሄድኩ። እናቴ በሩን ከፍታ “ዳኛው መጡ” አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ልጁ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ እኔ ግን አልተቀመጥኩም። እንግዳ ባለበት ሰድቤው ነበርና አያቱና ሁለት ጎረቤት እየሰሙ “አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ” አልኩት። በሐምሳዎቹ ያለ ሰው ይህን ለሃያ ዓመት ልጅ ሲናገር ምላሱ ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ “ኧረ ጋሼ፣ ምንም አይደል” አለ። ምንም አይደል የሚባል ነገር እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቡና እየጠጣን ጨዋታ ለመጀመር ያህል “ላፕቶፑ አሁን ሰባት ኔትወርክ ያያል፤ ሰፈራችን ለካ እንዲህ ሞልቷል” አልኩት።

“የሚያየውን ነው የቆጠሩት፣ ጋሼ” አለኝ።

ማታ አብረን ወደ ቤት ተመለስን። ፌስታሉን እኔ ያዝኩለት።